ወረቀቱ የት ሰነበተ? ስለ ዕቃ ግዥ አካሄድ የቀረበ አስተያየት

በንግድ ሥራ ላይ ተሰማርቶ «ዕቃው ዘገየ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ወይም ያልተናገረ አስመጪ፣ ላኪ ወይም ባለሱቅ ይገኛል ብዬ አልገምትም። ለምን ዘገየ ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ባንኩ፣ መርከቡ፣ ወደቡ፣ ጉምሩኩ፣ መንገዱ የሚል ነው። እኔም በአንድ የአስመጪ ነጋዴ ቢሮ ከሃያ ዓመት በላይ በጸሐፊነት ሳገለግል ለደንበኞች በስልክ የምሰጠው መልስ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ይህን አስተያየት ለማቅረብ ያነሣሣኝ፣ ያ መልስ ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ መርምሬ መረዳቴ ነው።

እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ የነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ይሁን እንጂ የቤቱ ወረቀት ሁሉ በጸሐፊ እጅ ስለሚያልፍ፣ ባለቤቱም ሒሳብ ሹሙም የማያዩትን አንድ ነገር ጸሐፊ ልታይ ትችላለች። ይህም ወረቀቱ ከአንዱ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ሌላው እስኪደርስ ድረስ የሚተኛበት ጊዜ ነው።

ቤታችን የሚነግደው የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ ነው። የበር ቁልፍ፣ ማጠፊያ፣ ብሎን፣ ሲሊኮንና ይህን የመሳሰለውን አብዛኛውን ከቻይና እናስመጣለን። ባለፈው ዓመት አንድ የቁልፍና የማጠፊያ ትእዛዝ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ደንበኞቻችን ሲቈጡ፣ በሚቀጥለው ትእዛዝ ጊዜ አንድ ነጭ ወረቀት ወስጄ ሁለት ዓምድ አሰመርሁበት። በአንደኛው ዓምድ ስለ ትእዛዙ ሥራ የተሠራበትን ሰዓት፣ በሁለተኛው ደግሞ ማንም ሳይነካው የዋለበትን ቀን ልጽፍበት ቈረጥሁ። መቍጠር የጀመርሁት የሱቁ ሻጭ «ይህ ቁልፍ ሊያልቅ ነው» ብሎ ከተናገረበት ዕለት ሲሆን፣ ያቆምሁትም የኤል ሲ ማመልከቻው ተሟልቶ ለባንክ በተሰጠበት ዕለት ነው። በመካከሉ ያለው መንገድ ሁሉ በእኛው ግቢ ውስጥ ያለ ነው፤ መርከብም ወደብም ገና አልተነካም።

ቍጥሩ ይህን ይመስላል። ሻጩ የተናገረው በቃል ስለ ነበረ፣ የወሩ መጨረሻ ደርሶ የመጋዘኑ ዕቃ እስኪቈጠር 11 ቀን አለፈ። ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ጠየቅን፤ ሁለቱ ወዲያው ላኩ፤ ሦስተኛው ግን 8 ቀን አስጠበቀን፤ ከእርሱ ደግሞ አንድም ቀን ገዝተን አናውቅም። ፕሮፎርማው ለፊርማ ሲቀርብ የቤቱ ባለቤት ድሬዳዋ ነበሩና 6 ቀን በጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጠ። ከተፈረመ በኋላ የድርጅታችን ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው አጻጻፍ በአንድ ፊደል የተለየ መሆኑ ታየና ወደ አቅራቢው ተመልሶ እስኪታረም 7 ቀን ፈጀ። ለኢንሹራንሱ 4 ቀን፣ የባንኩን ቅጽ ሞልቶ ማኅተም ለማስደረግ 5 ቀን ሆነ። ድምሩ 41 ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓምድ የተጻፈውን፣ ማለትም ሰው በእርግጥ ተቀምጦ የጻፈበትን፣ የደወለበትን፣ ያሰላበትንና የፈረመበትን ጊዜ ስደምረው ግን ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም።

አንባቢ ይህን ሲያይ «ምን ዓይነት ዝርክርክ ቢሮ ነው» ይል ይሆናል። እንዲያውም ቢሯችን በሥርዓቱ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው፤ ሁሉም ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ይደክማል። ሥራ ፈትቶ የዋለው ወረቀቱ እንጂ ሰው አይደለም። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሚታይም የወረቀቱን ሥራ መፍታት ማንም አያስተውለውም።

ይህን ነገር ጠበቅ አድርገው መርምረው ለዓለም ያስተማሩት ጃፓኖች ናቸው። በ1937 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ቶዮታ የተባለው የመኪና ፋብሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገንዘብም ጥሬ ዕቃም አጥሮት ነበር። ስለዚህም እንደ አሜሪካውያን ፋብሪካዎች በብዛት አምርቶ በመጋዘን መከመር አይቻለውም ነበር። ታይቺ ኦኖ የተባሉት የፋብሪካው ሰው መፍትሔውን ያገኙት ከሌላ መኪና ፋብሪካ ሳይሆን ከሱቅ ነው። በአሜሪካ ሱፐርማርኬት ደንበኛው የሚፈልገውን ከመደርደሪያ ሲያነሣ፣ ባለሱቁ የተነሣውን ያህል ብቻ መልሶ እንደሚተካ አስቀድመው ሰምተው ነበር፤ በ1956 እ.ኤ.አ. ወደዚያ በሄዱ ጊዜም በዓይናቸው አዩት። በፋብሪካቸው ውስጥ ይህንኑ በካርድ ሠሩበት። ዕቃው ሲወሰድ ካርዱ ወደ ኋላ ይላካል፤ ካርድ ካልመጣ ማንም አዲስ ዕቃ አይሠራም። ካርዱ በጃፓንኛ ካንባን ይባላል። ባለሱቆች ሆይ፣ ዓለም ያደነቀው ይህ ጥበብ ከእናንተው ዘንድ የተወሰደ መሆኑን ልብ በሉ።

ኦኖ ብክነትን በሰባት መድበውታል። ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ አላስፈላጊ ማጓጓዝ፣ ከሚገባው በላይ መሥራት፣ ዕቃ መከመር፣ የሰው መንከራተትና የተበላሸ ሥራ ናቸው። ሁሉም በፋብሪካ ዘንድ የታሰቡ ቢሆኑም፣ እኔ በነጋዴ ቢሮ ውስጥ አንድም ያላገኘሁት የለም። ይህ አሠራር ሊን የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም ያገኘው ጆን ክራፍሲክ የተባሉ ሰው በ1988 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍ ነው። ቃሉ ጮማ የሌለው ሥጋ እንደ ማለት ነው። በአገራችን የሚወደሰው ጮማው በመሆኑ ስሙ ብቻውን ማንንም አያጓጓም፤ ነገር ግን የጮማን ወጪ ከነጋዴ ይልቅ የሚያውቀው የለም።

በአገራችን ካይዘን የሚለው ቃል እንግዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በጃፓን መንግሥት ርዳታ በ30 ድርጅቶች ላይ ከተሞከረ በኋላ በ2004 ዓ.ም. የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት፣ «አምስቱ ማዎች» የሚለው ትምህርት በብዙ ፋብሪካዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሆኖም እኔ እስካየሁት ድረስ ትምህርቱ በፋብሪካው በር ቆሞ ቀርቷል እንጂ ወደ ነጋዴው የግዥ ጠረጴዛ እምብዛም አልዘለቀም።

የፊርማውን ጉዳይ አስቀድሜ ላንሣ፤ ለመናገር ከሁሉም የሚከብደኝ እርሱ ነውና። በብዙ ቤቶች ልማድ ከአንድ ብሎን ጀምሮ እስከ ሙሉ ኮንቴይነር ድረስ ያለው ሁሉ የባለቤቱን ፊርማ ይጠብቃል። ባለቤቱ ደግሞ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ፍርድ ቤት፣ ባንክ አለባቸው። ጆን ሊትል የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ወረፋ ያረጋገጡት ሒሳብ አለ፤ ቃሉ ቢከብድም ሐሳቡ ቀላል ነው። በጠረጴዛ ላይ 20 ወረቀት ካለና በቀን 2 ወረቀት የሚፈረም ከሆነ፣ ዛሬ የገባው ወረቀት በአማካይ የሚወጣው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ጸሐፊዋ ብትሮጥ፣ ተላላኪው ሞተር ቢነዳ፣ ሻጩ በየሰዓቱ ቢደውል ይህ 10 ቀን አይለወጥም። የሚለወጠው ወደ ጠረጴዛው የሚሄደው ወረቀት ሲያንስ ወይም በቀን የሚፈረመው ሲበዛ ብቻ ነው። ስለዚህ ቢሮው ተጨማሪ ተላላኪ መቅጠሩ ወረቀቱን ወደ ወረፋው በቶሎ ከማድረስ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

ከዚህ ቀጥሎ የስሕተት ጉዳይ ነው። የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበትን ዩሲፒ 600 የተባለውን የኤል ሲ ደንብ ባወጣ ጊዜ በመግቢያው ላይ አንድ አሳፋሪ ነገር አስፍሯል። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረገው ጥናት መሠረት በኤል ሲ ከሚቀርቡት ሰነዶች ከመቶው 70 ያህሉ በመጀመሪያ ሲቀርቡ አንድ ነገር ከሌላው ባለመስማማቱ ምክንያት ተቀባይነት ያጡ ነበር። በፕሮፎርማው የተጻፈው የዕቃ ስም በኢንቮይሱ ላይ ሌላ ይሆናል፤ ክብደቱ በፓኪንግ ሊስቱ አንድ፣ በመርከቡ የጭነት ሰነድ ሌላ ይሆናል። ባንክ የቀረበለትን ሰነድ ለመመርመር በደንቡ እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀን ይፈቀድለታል፤ ታርሞ ሲመለስ ደግሞ እንደገና መመርመሩ የግድ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ኮንቴይነሩ በወደብ ወይም በሞጆ ኪራይ እየቈጠረ ይቀመጣል። ሰው ታዲያ «ባንኩ አዘገየኝ» ይላል። በእኛ ትእዛዝ ላይ 7 ቀን የፈጀችው ያች አንዲት ፊደል ግን የባንክ አልነበረችም። ከዓመት በፊት እኔው ራሴ ለአቅራቢው የድርጅቱን ስም በኢሜይል ስጽፍ ያሳሳትኋት ናት፤ አቅራቢው እስከዚያ ቀን ድረስ እርሷኑ ይገለብጥ ነበር።

መንግሥት በበኩሉ መንገዱን ለማሳጠር የሠራውን መካድ አይገባም። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀምሯል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ፈቃድና የጉምሩክ ወረቀት ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሳይንከራተቱ በኤሌክትሮኒክ የሚቀርቡበት የአንድ መስኮት አገልግሎት ተከፍቷል። ነገር ግን መስኮቱ አንድ ሲሆን፣ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው የእኛ ቢሮ ስድስት ጠረጴዛ ከሆነ ጥቅሙ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንሂድ። የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ወራት ወረፋ በሚጠበቅበት ዘመን፣ ነጋዴው ተራው ሲደርስ የቻለውን ያህል በአንድ ጊዜ ይገዛ ነበር። በዚያ ጊዜ ይህ ብልኅነት እንጂ ሞኝነት አልነበረም፤ ዳግመኛ መቼ ተራ እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረምና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ምንዛሪ ማግኘት ለሁሉም ቀላል ሆኗል አልልም፤ ዋነኛው ጥያቄ ግን ከ«አገኛለሁ ወይ?» ወደ «በስንት ብር አገኛለሁ?» ተሻግሯል። ዋጋ በየጊዜው በሚንቀሳቀስበት ገበያ ውስጥ በጠረጴዛ ላይ 41 ቀን የተኛ ፕሮፎርማ፣ ሲነሣ ያው ፕሮፎርማ አይደለም። ብሩም ተለውጧል፤ አቅራቢው ዋጋውን የሚያጸናበት ቀንም አልፏል። ልማዳችን ግን ገና በድሮው ዘመን ይኖራል፤ ዛሬም ዓመት የሚበቃ እንገዛለን፤ ከዚያም በኋላ እንዘገያለን።

የዚህን ልማድ ዋጋ በእኛ መጋዘን አይቻለሁ። በአንድ የጥድፊያ ግዥ የመጣ ሲሊኮን ብዙ ካርቶን ነበር። ሲሊኮን በቱቦው ውስጥ እንዳለ ዕድሜ ያለው ዕቃ ነው፤ አብዛኛው ከዓመት ብዙም አያልፍም። ግማሹ ሳይሸጥ ቀኑ አለፈ። ሻጮቹ ሲከፍቱት እንደ ጎማ ደርቋል። እንግዲህ ያ ዕቃ በቻይና ፋብሪካ ኤሌክትሪክ በልቶ ተሠርቷል፤ በመርከብ ውቅያኖስ ተሻግሯል፤ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ነዳጅ እየጠጣ ዳገቱን ወጥቷል፤ ቀረጥም ተከፍሎበታል። መጨረሻው የከተማ ቆሻሻ መጣያ ሆነ። ዛሬ በየስብሰባው ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ ዘላቂ ግዥ ብዙ ይነገራል፤ ነጋዴውም ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት ይመስለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሳይሸጥ ከሚጣል ዕቃ የበለጠ ምድርንም ካዝናንም የሚጎዳ የለም፤ ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ ካርቶን ውስጥ ታሽገው ይመጣሉ።

በዚህ ጊዜ «ታዲያ መደርደሪያችንን ባዶ እናድርገው ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። በየካቲት ወር 1997 እ.ኤ.አ. ለቶዮታ የፍሬን ክፍል ያቀርብ የነበረ የአይሲን ፋብሪካ በእሳት ሲቃጠል፣ ቶዮታ የዚያ ዕቃ ክምችት ስላልነበረው በጃፓን ያሉት ፋብሪካዎቹ ለቀናት ቆመዋል። ከ2011 እ.ኤ.አ. የምድር መንቀጥቀጥ በኋላም ቶዮታ ራሱ፣ ለመተካት የሚያስቸግሩትን ክፍሎች አቅራቢዎቹ ለጥቂት ወራት የሚበቃ ያህል እንዲያስቀምጡ አድርጓል። እኛ ደግሞ ወደብ የሌለን ሰዎች ነን፤ ከውጭ ንግዳችን አብዛኛው የሚያልፈው በአንድ በር፣ በጅቡቲ ነው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. አንዲት መርከብ የሱዌዝን ቦይ ስድስት ቀን ዘግታዋለች፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በተከፈተው ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው እስከ መሄድ ደርሰዋል። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ነጋዴ መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። ግን መጠባበቂያ ማለት ተቈጥሮና ታስቦ የተቀመጠ ዕቃ ነው፤ ፍርሃት ያስገዛው ክምር ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱን በቍጥር ላሳይ። አንድ ዓይነት ቁልፍ በሳምንት 30 ይሸጣል እንበል። ካዘዝንበት ቀን ጀምሮ ሱቅ እስኪገባ 16 ሳምንት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ 480 ቁልፍ ይሸጣል ማለት ነው። ለመርከብ መዘግየት የ4 ሳምንት መጠባበቂያ፣ ይኸውም 120 ቁልፍ እንጨምርበት፤ 600 ይሆናል። በመጋዘኑ ውስጥ ካርቶኖቹ ሲደረደሩ ስድስት መቶኛው ቁልፍ ባለበት ቦታ ላይ አንድ ቀይ ካርድ ይደረጋል። ሻጩ ዕቃ ሲያወጣ ካርዱ ላይ በደረሰበት ዕለት ካርዱን አምጥቶ ለጸሐፊዋ ይሰጣል። የወር መጨረሻ ቈጠራ መጠበቅ የለም፤ «ሊያልቅ ነው፣ ገና ነው» የሚል ክርክርም የለም። ካርዱ ላይ የአቅራቢው ስም፣ የዕቃው ቍጥርና የሚታዘዘው ብዛት አስቀድሞ ተጽፏል።

አሁን ደግሞ በቢሮ ውስጥ የሚተኛውን ጊዜ በ4 ሳምንት ብናሳጥረው፣ ቀዩ ካርድ ከ600 ወደ 480 ይወርዳል። አንዱ ቁልፍ በ900 ብር ቢገዛ፣ የ120ው ቁልፍ ዋጋ 108,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ያለ ወለድና ያለ ብድር ከገዛ መጋዘናችን የተገኘ ነው። በአንድ የቁልፍ ዓይነት ይህን ያህል ከሆነ፣ ሁለት መቶ ዓይነት ዕቃ የሚያስመጣ ቤት ሒሳቡን ለራሱ ያስላው።

ላኪዎችንም የሚመለከት ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና ደን ባልተመነጠረበት መሬት የተመረተ መሆኑና የበቀለበት ማሳ አቀማመጥ ተለይቶ መቅረብ ይኖርበታል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም፣ ነገሩ አልተሰረዘም። ይህን መረጃ ቡናው ከገበሬው በተገዛበት ቀንና በተገዛበት ቦታ የመዘገበ ላኪ ሥራውን አንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። ቡናው ተደባልቆ አዲስ አበባ መጋዘን ከገባ በኋላ የማን ማሳ እንደ ነበረ የሚፈልገው ግን ኦኖ ከቈጠሯቸው ብክነቶች ሦስት አራቱን በአንድ ጊዜ ይሸከማል፤ መጨረሻውም ላይገኝ ይችላል። ስሕተትን ከተሠራበት ቦታ ሳያልፍ ማረም ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ስለ ሦስት ፕሮፎርማ ጥቂት ልበል፤ በዚህ ብዙዎች እንደሚቈጡኝ አውቃለሁ። ልማዱ የመንግሥት ግዥ ሥርዓትን በመከተል ወደ ግል ቤቶች የገባ ይመስለኛል። ዓላማውም መልካም ነው፤ ዋጋን ማወዳደርና ግዥ ሠራተኛው በስውር ኮሚሽን እንዳይበላ መከላከል ነው። ነገር ግን ሊሰርቅ የቈረጠ ሰው ሦስቱንም ፕሮፎርማ ከአንድ ቦታ ለማስመጣት እንደማይቸግረው በመርካቶ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ሌባውን ሳይዝ ሐቀኛውን ሠራተኛ 8 ቀን ያስጠብቀዋል። የሚሻለው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ገበያውን ደኅና አድርጎ አወዳድሮ፣ ዋጋውንና ውሉን ከሁለት ከታመኑ አቅራቢዎች ጋር መወሰን ነው። ከዚያ በኋላ በየትእዛዙ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። አቅራቢውም በየሦስት ወሩ በእርግጥ የሚገዛውን ደንበኛ ዓመት ጠብቆ ከሚመጣው በተሻለ ዋጋና አክብሮት ይይዘዋል። ትናንሽ ትእዛዝ ግማሽ ኮንቴይነር ስለሚሆን የማጓጓዣው ዋጋ ይወደዳል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ለዚህ ያገኘነው ዘዴ ከአንድ አቅራቢ ቁልፉንም ማጠፊያውንም ብሎኑንም በጥቂት በጥቂቱ ደባልቆ አንድ ኮንቴይነር መሙላት ነው። ሁሉም አቅራቢ ይህን አይፈቅድም።

አሁን ደግሞ በቤታችን የሆነውን ልናገር። ሁለት ዓምድ ያለውን ወረቀቴን ይዤ ወደ ባለቤቱ ገባሁ። ዕድሜዬ አርባን ካለፈ ቆይቷል፤ ለእርሳቸው ግን ዛሬም ልጅ ነኝ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «አንቺ ልጅ፣ እኔን ልትከሺኝ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። «እርስዎን አይደለም ጋሼ፤ ጠረጴዛዎን ነው» አልኋቸው። አልሳቁም። ለአንድ ሳምንትም ስለዚህ ነገር አልተናገሩም። በስምንተኛው ቀን ጠርተውኝ «የድሬዳዋው ስድስት ቀን ልክ ነው፤ ሌላውን ግን እንደገና ቍጠሪ» አሉ። እንደገና ቈጠርሁ፤ ያው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አራት ነገር ተለውጧል። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ለፊርማ ብቻ ተወስኗል፤ በዚያ ሰዓት እንግዳ አይገባም፤ ስልክም አይነሣም። የድርጅቱን ስም፣ የግብር ከፋይ ቍጥርና አድራሻ፣ የዕቃዎቹን ትክክለኛ መጠሪያ ከነጉምሩክ ኮዳቸው በአንድ ገጽ አስፍረን ለአቅራቢዎች ሁሉ ላክን፤ ፕሮፎርማ ከዚያ ገጽ ከተለየ ሳይፈረም በዕለቱ ይመለሳል። ኢንሹራንሱ ፊርማውን መጠበቅ ትቶ ከእርሱ ጎን ለጎን ይዘጋጃል። በመጋዘኑ ውስጥም ቀይ ካርድ ተደርጓል። ካርዱ መጀመሪያ ላይ አልሠራም ነበር፤ አንዱ የቀን ሠራተኛ ካርቶን ሲያወርድ አግኝቶት የፈረሰ በር መደገፊያ አድርጎት ከወር በኋላ ተገኘ። አሁን በገመድ ታስሯል። በዚህ አኳኋን 41 ቀን የፈጀው መንገድ በቅርቡ ትእዛዝ 17 ቀን ሆኗል። አዲስ ሰው አልተቀጠረም፤ ኮምፒዩተርም አልተገዛም።

የንግድ ምክር ቤታችንን አንድ ነገር ልለምን እወዳለሁ። ለየንግዱ ዘርፍ የሚስማማ አንድ ገጽ የፕሮፎርማና የሰነድ መመርመሪያ ዝርዝር ባንኮችንና ትራንዚተሮችን አማክሮ ቢያዘጋጅና በዚህ ጋዜጣ ላይ ቢያትመው፣ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ስሕተት በየራሱ ገንዘብ ከመማር ይድናል። አባላትም ፈቃደኞች ቢሆኑ፣ ስማቸው ሳይጠቀስ ወረቀታቸው በየጠረጴዛው የተኛበትን ቀን ቈጥረው ቢልኩልን፣ ከባንክና ከጉምሩክ ጋር በምንነጋገርበት ጊዜ የእነርሱን መዘግየት ከእኛው ለይተን ማቅረብ እንችላለን። የራሱን ቀን ያልቈጠረ ሰው የሌላውን ሲከስስ የሚሰማው የለም።

በቤታችን ገና ያልተፈታው ባለቤቱ በሌሉ ጊዜ የሚፈርመው ሰው ጉዳይ ነው። እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ ለሒሳብ ሹሙ ውክልና ይስጡ ብዬ አሳስቤ ነበር፤ «እናየዋለን» ብለውኛል። ይህን በምጽፍበት ዕለት እርሳቸው ሐዋሳ ናቸው፤ የማጠፊያው ፕሮፎርማ በጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ በሁለተኛው ዓምድም ሦስተኛውን ቀን ጽፌያለሁ።